ከአንታርክቲካ መርከብ በፊት ኡሹዋያ ላይ ምን እንሥራ?

«መርከቡ የሚነሳው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ እስከዚያ ኡሹዋያ ላይ ምን እናድርግ?» ይህ ጥያቄ ከአዲስ አበባም፣ ከዋሽንግተንም፣ ከዱባይም ይደርሰኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንዴ በሥርዓት ልጻፈው።

ኡሹዋያ በአርጀንቲና ደቡባዊ ጫፍ፣ በቢግል ሰርጥ ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት። ወደ አንታርክቲካ የሚሄዱ የቱሪስት መርከቦች አብዛኞቹ የሚነሱት ከእሷ ነው። ወቅቱ በግምት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ነው። ይህ ጊዜ እዚያ በጋ ነው፤ ግን በጋ ሲባል አዳማን እንዳታስቡ። ቀን ላይ 10 ወይም 13 ዲግሪ ከሆነ ጥሩ ነው። ፀሐይ፣ ዝናብ፣ ነፋስና በረዶ በአንድ ቀን ሊፈራረቁ ይችላሉ።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ሊበላሽ የሚችል ነገር ሁሉ ከመርከቡ መነሻ ሰዓት ይራቅ። ሩቅ ቦታ፣ ጭቃማ መንገድ፣ ነፋስ የሚሰርዘው ጀልባ በመጀመሪያው ቀን ይሁን። በእግር የሚደረስበት በመጨረሻው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ከዚህ የመጣ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት፣ የታተመ ቪዛ፣ የሁለቱም ፎቶኮፒ
- የሕክምና ማመላለሻን የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ (ብዙዎቹ የመርከብ ድርጅቶች ያለዚህ አያሳፍሩም)
- ባንክ ካርድ፣ እንዲሁም ያልተቀደደና ያልተጻፈበት የዶላር ኖት
- ውሃ የማያስገባ ሱሪና ጃኬት፣ የውስጥ ሙቀት ልብስ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ
- የፀሐይ መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ክሬም
- የባሕር ማቅለሽለሽ መድኃኒት
- አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ መርፌ ወይም ወረንጦ፣ ሰፊ ፕላስተር (ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ታያላችሁ)
- የአርጀንቲና ሶኬት መቀየሪያ። ሁለት ጠፍጣፋና ዘመም ያሉ ቀዳዳዎች ያሉት ሶኬት በብዛት ስለሚያጋጥም የኛ ሀገር መሰኪያ ሁልጊዜ አይገባም።

ጋቢ መያዝ ትችላላችሁ፣ ግን ለካቢን ብቻ። ጥጥ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፤ ከመርከቡ ወደ ምድር በሚያወርደው የላስቲክ ጀልባ ላይ ለብሶ መውጣት ብርድን መጋበዝ ነው።

ደረጃ 1፦ ቪዛውን ለሁለት መግቢያ ጠይቁ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ አርጀንቲና ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ኤምባሲው አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ማመልከቻው ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ እንደምትፈልጉ ጻፉ። ምክንያቱም በመርከቡ ከሀገሪቱ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ትገባላችሁ። መርከቡ በፎክላንድ ደሴቶች ወይም በቺሊ የሚያልፍ ከሆነ የእነሱም ፈቃድ ለብቻው ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ትኬት ከመክፈላችሁ በፊት ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁ። በስልክ የተባለ ነገር ወደብ ላይ ማስረጃ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ቀድማችሁ ድረሱ

ከቦነስ አይረስ ወደ ኡሹዋያ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ችግሩ ግን በረራው አይደለም። ከአዲስ አበባ በሳኦ ፓውሎ በኩል የምትመጡ ከሆነ የምታርፉት ኤሴይሳ በሚባለው ኤርፖርት ነው። ወደ ኡሹዋያ የሚሄዱት በረራዎች ብዙዎቹ የሚነሱት ደግሞ ኤሮፓርኬ ከሚባለው፣ ከተማው ውስጥ ካለው ኤርፖርት ነው። በሁለቱ መካከል ቦነስ አይረስን የሚያህል ከተማ አለ። ትራፊክ ካለ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ በመካከል ቢያንስ አምስት ሰዓት ተዉ፤ ከተቻለ ቦነስ አይረስ እደሩ።

ሁለት ሌሊት የምለው ለምንድን ነው? መርከብ አይጠብቅም። ሻንጣ ከዘገየ ደግሞ በሚቀጥለው አውሮፕላን ይመጣል እንጂ አንታርክቲካ ድረስ አይከተላችሁም። አንድ ትርፍ ቀን ካላችሁ የዘገየ ሻንጣ ይደርሳል፤ ባይደርስም አስፈላጊውን ልብስ ለመከራየት ጊዜ ይኖራችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሀገር ውስጥ በረራ የሻንጣ ክብደት ከዓለም አቀፉ ያነሰ ነው። ትኬቱ ላይ ያለውን ኪሎ አንብቡ። ትኩስ ፍራፍሬና ሥጋም አትያዙ፤ ወደ ፓታጎኒያ (ደቡባዊው የአርጀንቲና ክፍል) እንዳይገባ ቁጥጥር አለ።

ደረጃ 3፦ የደረሳችሁ ዕለት የጎደለውን ሙሉ

ከኤርፖርት ወደ መሃል ከተማ በታክሲ አሥር ደቂቃ አካባቢ ነው። ሻንጣ አስቀምጡና ወደ ሳን ማርቲን መንገድ ውጡ። ዋናው የገበያ መንገድ እሱ ነው፤ ከባሕሩ ዳር ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል። ውሃ የማያስገባ ሱሪ፣ ጃኬትና ቦት የሚያከራዩ ሱቆች አሉ። ለአሥር ቀን ጉዞ ውድ ሱሪ ከመግዛት መከራየት ይሻላል ባይ ነኝ፤ አዲስ አበባ ተመልሳችሁ የት ትለብሱታላችሁ? ጃኬትና የላስቲክ ቦት ብዙ መርከቦች ራሳቸው ይሰጣሉ ወይም ያውሳሉ፤ የላኩላችሁን ዝርዝር ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

ሰዓቱን ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ሱቆች ከቀትር በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ይዘጋሉ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ተመልሰው ይከፍታሉ። ምግብ ቤቶችም እራት የሚጀምሩት ዘግይተው ነው። በታኅሣሥ ብርሃኑ 17 ሰዓት ስለሚቆይ፣ ውጭው ገና ቀን ሆኖ ሆዳችሁ ሌሊት ነው ይላችኋል።

ገንዘብን በተመለከተ፦ ዋጋ የሚጻፈው በፔሶ ነው፤ የፔሶ ምልክቱ ግን ከዶላር ምልክት ጋር አንድ ነው። ሜኑ ላይ አይታችሁ አትደንግጡ። ካርድ በብዙ ቦታ ይሠራል። ከኤቲኤም ማውጣት ግን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ትንሽ፣ የሚቆርጠው ብዙ ስለሆነ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ደረጃ 4፦ ሩቁንና ጭቃውን በመጀመሪያው ሙሉ ቀን ጨርሱ

እዚህ ላይ ምርጫ አለ። ሁሉንም ልሥራ አትበሉ፤ አንዱን ምረጡ።

*የቲዬራ ዴል ፉዌጎ ብሔራዊ ፓርክ።* ከከተማው በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የተቋቋመ ሰፊ ፓርክ ነው። ከባሕር ዳሩ ሚኒባስ ይነሳል። እኔ የምመክረው የባሕር ዳሩን የእግር መንገድ ነው፤ 8 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሆኖ በዝግታ አራት ሰዓት ይወስዳል። በአንድ ወገን ደን፣ በሌላ ወገን ውሃ ነው። ፓርኩ ውስጥ ላፓታያ ባሕረ ሰላጤም አለ፤ ከቦነስ አይረስ የሚመጣው 3 ቁጥር አውራ ጎዳና የሚያበቃውም እዚያ ሲሆን፣ ሰሌዳው 3,079 ኪሎ ሜትር ይላል። ስትወርዱ የመጨረሻው ሚኒባስ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ሹፌሩን ጠይቁ። ይህን ያልጠየቀ ሰው አመሻሽ ላይ መንገድ ዳር ቆሞ ይቀራል።

ፓርኩ ድረስ የሚሄድ ትንሽ ባቡርም አለ፤ በፊት እስረኞች እንጨት ያመላልሱበት በነበረው ሐዲድ ላይ የሚሄድ ነው። ልጆች ወይም እግራቸውን የሚያማቸው ሽማግሌዎች ካሉ ጥሩ ነው። ጤነኛ እግር ላለው ግን ገንዘቡን ለሌላ ነገር ያውለው።

*ኤስሜራልዳ ሐይቅ።* ከከተማው 17 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና፣ ከዚያ ወደ 5 ኪሎ ሜትር በእግር፣ መመለሻውም ያው። ሐይቁ ከበረዶ ግግር በሚወርድ ውሃ አረንጓዴ ነው። መንገዱ ረግረግ ላይ ስለሚያልፍ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ያስገባል። ነጭ ስኒከር አድርጋችሁ እንዳትሄዱ።

*የማርቲዮ ደሴት ፔንግዊኖች።* በጀልባ ቀርቦ የሚያሳይ ጉዞ አለ። ጥቂት ሰው ብቻ ደሴቲቱ ላይ የሚያወርድም አለ፤ እሱ ቦታው ቶሎ ስለሚያልቅ ከቤት ሳትነሱ መያዝ አለበት። «አንታርክቲካ ላይ ፔንግዊን ጠግበን የምናይ አይደል እንዴ?» የሚለኝ ሰው አለ። እውነት ነው፤ ግን እዚህ የሚበዛው የማጄላን ፔንግዊን ነው፣ እሱን አንታርክቲካ ላይ አታገኙትም። ወፍ ለሚወድ ይገባል፤ ለሌላው ፓርኩ ይበልጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ የጀልባ ጉዞ ነፋስ ሲበረታ ይሰረዛል። የባሕር ባለሥልጣኑ ወደቡን ይዘጋዋል፤ ድርጅቱ ጋር ተከራክራችሁ አትለውጡትም። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ቀን ያዙት የምለው፤ ቢሰረዝ ማግስቱ አለ።

ደረጃ 5፦ ያን ዕለት ማታ ጫማና ልብሳችሁን አጽዱ

ሰው ሁሉ የሚዘለው፣ እኔ ግን በጣም የማሳስበው ይህን ነው።

አንታርክቲካ ላይ በተፈጥሮ የሚበቅሉት አበባ ያላቸው ዕፅዋት ሁለት ብቻ ናቸው። ከውጭ የገባ አንድ የሣር ዘር ሊበቅልና ሊስፋፋ ይችላል። የወፍ ጉንፋንም ሌላ ስጋት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በዋናው የአንታርክቲካ ምድር መግባቱ ተረጋግጧል። ስለዚህ መርከቡ ላይ ከመጀመሪያው መውረድ በፊት ሠራተኞቹ ጫማችሁን፣ ቦርሳችሁንና የውጭ ልብሳችሁን ይፈትሻሉ። ቆሻሻ የተገኘበት እስኪያጸዳ ይቆያል። በሚናወጥ መርከብ ላይ ተጎንብሶ ቬልክሮ (የልብስ ማጣበቂያ) መጥረግ ምን ያህል ሆድ እንደሚበጠብጥ ገምቱት።

አሠራሩ ይህ ነው፦

1. ጫማውን በብሩሽና በውሃ እጠቡ። ሶሉ ውስጥ ያለውን ጭቃ በመርፌ አንድ በአንድ አውጡ።
2. ቬልክሮ ያለበትን ቦታ ሁሉ (የጓንት አንጓ፣ የጃኬት እጅ፣ የሱሪ ግርጌ) በወረንጦ ልቀሙ። ዘር የሚደበቀው በብዛት እዚያ ነው።
3. ፕላስተሩን በሚጣበቅ ፊቱ የሱፍ ካልሲና ኮፍያ ላይ እየለጠፋችሁ አንሱ።
4. ኪስና የቦርሳ ወለል ገልብጣችሁ አራግፉ። ቆሎ ይዛችሁ የመጣችሁ በተለይ! ምግብ ይዞ አንታርክቲካ ምድር ላይ መውረድ ክልክል ነው፤ ኪስ ውስጥ የቀረ የገብስ ፍሬ ማስረዳት ደግሞ ቀላል አይደለም።
5. ሁሉም ሌሊቱን ይድረቅ። እርጥብ ጫማ በላስቲክ ታሽጎ ከተቀመጠ ይሸታል።

የካሜራ መቆሚያ እግሮችንና የእግር ጉዞ ዱላን አትርሱ። ጫማ ያጸዳ ሰው ዱላውን ይረሳል።

ደረጃ 6፦ ሦስት ሌሊት ካላችሁ ሁለተኛውን ሙሉ ቀን ለሰርጡና ለከተማው ስጡ

ከቱሪስት ጀልባ መነሻው በጠዋት ወይም ከሰዓት የሚወጣ የቢግል ሰርጥ ጉዞ አለ፤ አጭሩ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። የባሕር አንበሶች የሚተኙባቸውን ድንጋዮች፣ የወፍ ደሴቱንና ቀይና ነጭ ቀለም የተቀባውን የሌ ዜክሌሬር መብራት ቤት ያሳያል። ወፍ ደሴቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ሆነው የሚታዩት ፔንግዊን አይደሉም። ኮርሞራንት ይባላሉ። በረው ሲነሱ ያን ጊዜ ይገባችኋል።

ከሰዓት ዝናብ ከጣለ የድሮው እስር ቤት ሙዚየም አለ። እስር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1947 ተዘግቷል። አንዱ ክንፍ ሳይታደስ እንዳለ ስለተተወ ቅዝቃዜው ራሱ ያስረዳል፤ ጃኬት አታውልቁ። ሰማዩ ከጠራ ደግሞ ወደ ማርሲያል የበረዶ ግግር በታክሲ 7 ኪሎ ሜትር ወጥታችሁ ቀሪውን በእግር ውጡ፤ ከተማውና ሰርጡ ከሥር ይታያሉ።

ለምሳ ወይም ለእራት፦ ሴንቶላ የሚባለው ትልቅ ሸርጣን የከተማዋ መታወቂያ ነው። ሸርጣን የማይበላ የእሳት ጥብስ ጠቦቱን ይሞክር፤ በመስኮት በኩል በብረት ተዘርግቶ ሲጠበስ ይታያል።

ደረጃ 7፦ ጾመኛ ከሆናችሁ ከመነሳታችሁ ሳምንታት በፊት አሳውቁ

የመርከቡ ወቅት ከኅዳር 15 እስከ ገና ካለው ጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል፤ የካቲትና መጋቢት ደግሞ ዐቢይ ጾም አለ። መርከቡ ምግቡን የሚጭነው ወደብ ላይ ነው፤ ከተነሳ በኋላ መንገድ ላይ ገበያ የለም። የጉዞ ቅጹ ላይ ስለ ምግብ በሚጠይቀው ቦታ «ቪጋን» ብላችሁ ሙሉ፤ «ጾም» ካላችሁ ወጥ ቤቱ ምንም አይበላም ብሎ ሊረዳው ይችላል። ሐላል የምትፈልጉም በዚያው ቅጽ ጻፉ።

ከተማው ውስጥ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ሁዌቮ» በሉ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። የምስር ወጣቸውን አይታችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ቋሊማ ይገባበታል።

ደረጃ 8፦ የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ጊዜ አስተካክሉ

ከሰርጡ ወጥቶ አንታርክቲካ አካባቢ እስኪደረስ ድሬክ የሚባለውን ባሕር ማቋረጥ ሁለት ቀን ገደማ ይወስዳል። መርከቡ አመሻሽ ላይ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ገና ሰርጡ ውስጥ ናችሁ። ክፍት ባሕር የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ነው። መድኃኒት የሚሠራው ከማቅለሽለሹ በፊት ከተወሰደ ስለሆነ፣ «ምንም አልተሰማኝም» ብላችሁ ሳትወስዱ አትተኙ።

ኪኒኑ ኡሹዋያ ፋርማሲ ውስጥ ይገኛል። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈውን የምትመርጡ ግን ከቤታችሁ፣ ሐኪም አማክራችሁ ይዛችሁ ኑ። ግላኮማ ላለበት ሰው አይሆንም። ኪኒኑም ቢሆን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ከመጠጥ ጋር አትቀላቅሉት።

ደረጃ 9፦ የመሳፈሪያው ቀን

ሻንጣ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ይሰበሰብና በቀጥታ ካቢናችሁ በር ላይ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ጃኬት፣ ቻርጀርና የዓይን መነጽር በእጅ ቦርሳ ይሁኑ። ወደቡ በእግር የሚደረስበት ቢሆንም በሩ ላይ ፍተሻ አለ፤ ድርጅቱ በአውቶቡስ ካስገባችሁ ከአውቶቡሱ አትለዩ።

ያን ዕለት ከሳን ማርቲንና ከባሕር ዳሩ አትራቁ። ቡና ጠጡ፣ ፖስት ካርድ ላኩ፣ ቤተሰብ ጋር ደውሉ። መርከብ ላይ ኢንተርኔት ቢኖርም በሳተላይት ስለሆነ ሊቆራረጥ ይችላል፤ «ለአሥር ቀን ብጠፋ አትደናገጡ» ብላችሁ ብትነግሯቸው ለእናቶች እረፍት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

*ሰዓት።* በኡሹዋያና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። የሐበሻ ሰዓት አቆጣጠርም ስድስት ሰዓት ስለሚለይ፣ እዚያ ከቀትር በኋላ 4 ሲል አዲስ አበባም ከምሽቱ 4 ይላል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሰውን ግን ያምታታል። መሳፈሪያው 16:00 ከተባለ 16:00 ብላችሁ ጻፉ። ወደ ሐበሻ አትቀይሩት፤ አንዱ «10 ሰዓት» ብሎ ለሌላው ሲነግር ነገር ይበላሻል።

*ቀን።* አርጀንቲና ቀኑን ከወሩ ታስቀድማለች። 05/12 ማለት ዲሴምበር 5 ነው። ከአሜሪካ የምትመጡ ይህን ደግማችሁ እዩት።

*ሰርጡን እንደ ፈተና ማየት።* «ቢግል ላይ አላመመኝም፣ እንግዲህ ድሬክም አያመኝም» የሚል ብዙ ነው። ሰርጡ በተራሮች የተከለለ ነው፤ ድሬክን የሚከልለው መሬት የለም።

*ፀሐይን መናቅ።* ብርድ ስላለ ፀሐይ አያቃጥልም ማለት አይደለም። በተለይ በጥቅምትና በኅዳር በዚያ ኬክሮስ የኦዞን ሽፋኑ ይሳሳል። አፍንጫና ከንፈር ቶሎ ይላጣሉ፤ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል።

*ለመታሰቢያ ማኅተም ፓስፖርት ማውጣት።* ከተማው ውስጥ «የዓለም መጨረሻ» የሚል የሚያምር ማኅተም ይመታሉ። ኦፊሴላዊ ያልሆነ ማኅተም ያለበትን ፓስፖርት አንዳንድ ኢሚግሬሽን እንደተበላሸ ሊቆጥረው ይችላል፤ ቪዛ በየአገሩ ለሚጠየቅ ፓስፖርት ደግሞ ጣጣው ይብሳል። ማኅተሙን ማስታወሻ ደብተር ወይም ፖስት ካርድ ላይ አስመቱት።